ጾም የቀለለላቸው ሰው

ዘሪቱ እልል ስትል ጎረቤቱ ሁሉ የጠፋ ሰው የተገኘ መስሎት በጭቃው እየተንሸራተተ መጣ። በፍልሰታ ጾም፣ ያውም በማለዳ፣ ነሐሴ ሰማዩን ቀድዶ በሚያወርድበት ሰዓት እልልታ ምን ሊሆን ነው? ዘሪቱ ግን የሳሎኑን በር ወለል አድርጋ ከፍታ፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጋርዳ ደጋግማ አቀለጠችው። «አባባ ጨጓራ ነው ተባሉ! ጨጓራ ብቻ! ተመስገን በሉልኝ!» ጎረቤቶቹም ተመስገን አሉ። አንዷ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች፤ ሌላዋ የእሷም አማች ጨጓራ እንደነበረባቸውና ተልባ እየጠጡ እንደዳኑ ለማውራት ጀመረች። ኧረ ጉድ ነው! እዚያ ሳሎን ውስጥ ቆመው ተመስገን ከሚሉት መካከል ዘሪቱ ራሷ፣ ባሏ ደምለውና የደምለው እህት አይናዲስ ነገሩ ጨጓራ አለመሆኑን ከትናንት ማታ ጀምሮ ያውቁ ነበር።

ትናንት ሐኪሙ ደምለውን በክንዱ ይዞ ወደ ኮሪደሩ ጥግ ወሰደው። እንዲህ ያለው ነገር ለበሽተኛው አይነገርም፤ ለወንድ ልጁ ነው የሚነገረው። ካንሰር ነው አለው። የጨጓራውን ግድግዳ በስቶ ወጥቷል፤ ጉበታቸው ላይም ታይቷል፤ ከእንግዲህ በኦፕራሲዮን የሚወጣ አይደለም፤ ወስዳችሁ የሚወዱትን እያደረጋችሁ አስታሟቸው አለው። ደምለው ቆርቆሮና ምስማር የሚሸጥ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሳቁ መንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው ነው። ሱቁን ከውስጥ ቆለፈና ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ማታ ግን ፊቱን ታጥቦ መጣና ሁለቱን ሴቶች ወደ ጓዳ ጠርቶ ቆረጠው። «አባባ ይህን እንዳይሰሙ። የሰሙ ዕለት ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ተስፋቸውን ቆርጠው ደግሞ አይሰነብቱልንም። ጨጓራ ነው እንላለን፤ አለቀ።» ዘሪቱ፣ ፊታችንን አይተው ቢጠረጥሩስ አለች። እልልታውን ያመጣችው እሷ ናት፤ እልል የሚል ሰው ማን ይጠረጥራል? አይናዲስ ይነገራቸው ልትል ፈልጋ ነበር። በልጅነቷ በትከሻው ተሸክሞ ወንዝ ያሻገራት ወንድሟ ዐይኑ ደም መስሎ ሲለምናት ምን ትበለው? ደህና እደሩ ብላ ወደ ኪራይ ቤቷ ሄደች፤ እንቅልፍ የሚባል ግን በዐይኗ አልዞረም።

የኔታ ወልደ ገብርኤል የተኙት ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለችው ክፍል ነው። ክፍሏ የደምለው ትርፍ ዕቃ ማስቀመጫ ነበረች፤ አሁንም በአንድ በኩል የቀለም ባልዲዎች እስከ ኮርኒሱ ተደርድረዋል፣ ከበሩ ኋላ የውሃ ቧንቧ ቆሟል፣ የቫርኒሽ ሽታውም ከግድግዳው አልለቀቀም። በዚህ ሁሉ መሃል፣ በሽቦ አልጋ ላይ፣ ዲማ አካባቢ ዜማ ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሽማግሌ ነጭ በነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል። ዛሬ ሊቆርቡ ነው። ይህን እንደ ቀላል ነገር እንዳታዩት። የኔታ በጉብዝናቸው የቁርባን ሚስታቸውን ፈትተው የደምለውንና የአይናዲስን እናት ካገቡ ወዲህ ከቅኔ ማኅሌቱ አልፈው አያውቁም። ያስተማሯቸው ልጆች ቀስሰው ሲያቆርቡ እሳቸው በዜማ ያጅባሉ፤ ሕዝቡ ሊቀበል ሲቀርብ እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ባሉበት ይቀራሉ። ስንት ዓመት ሙሉ! ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ግን ንስሐ ገቡ፤ የተሰጣቸውንም ቀኖና በጾምና በስግደት ፈጸሙ። የቀረችው ይህች አንዲት ቀን ነበረች። ከትናንት ጀምሮ እህል ውሃ በአፋቸው አልዞረም፤ ስድስት ሰዓት ላይ ቅዳሴ ሲገባ ደምለው በባጃጅ ሊያደርሳቸው፣ የንስሐ አባታቸው መምሬ አማረም ከበሩ ላይ ሊቀበሏቸው ተቀጣጥረዋል።

«እውነት ነው ደምለው? ጨጓራ ብቻ?» አሉ የኔታ። እልልታውን ሰምተው ፊታቸው በርቷል።

«ጨጓራ ብቻ አባባ! መድኃኒቱን በደንብ ከወሰዱ በወሩ ተነሥተው ነው የሚያስተምሩ።»

የኔታ ወደ ጣሪያው አዩና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከዚያ የለበሱትን ነጠላ ከትከሻቸው አውርደው በቀስታ ማጠፍ ጀመሩ። «እንግዲያው ዛሬ ይቅርብኝ» አሉ። አይናዲስ ክው አለች። ተዘጋጅተው የለም ወይ፣ ምን አስቀየረዎት አባባ አለቻቸው። «ልንገርሽ የኔ ልጅ» አሉ፤ ፈገግ እያሉ ነበር። «እስከ አሁን ልቆርብ የነበረው ሞትን ፈርቼ ነው። ልቤ ያውቀዋል። ዕድሜዬን ሙሉ ያላንኳኳሁትን በር ሞት ሲያባርረኝ ሮጬ ላንኳኳ? ያሳፍራል እኮ! እድናለሁ ካላችሁኝ ግን ለኪዳነ ምሕረት ዲማ ሄጄ፣ ያስተማርኳቸው ልጆች ቀድሰው፣ በእግሬ ቆሜ ጌታዬን እቀበለዋለሁ። ስለፈራሁ ሳይሆን ስለወደድኩት።» ደምለው ይህን ሁሉ አላሰበውም ነበርና ዐይኑ ቁልጭልጭ አለ። መልስ ከመፈለጉ በፊት ዘሪቱ ለብ ያለ የተልባ ውሃ በኩባያ ይዛ ደረሰች፤ ለበሽታቸው ሲባል መምሬ ከቁርባን ቀን በቀር በጠዋት እንዲቀምሱ ፈቅደውላቸዋል። አይናዲስ እጇ ተንቀሳቀሰ። አባባ ይቆዩ ማለት ብቻ ነበር የሚበቃው። ደምለው አያት፤ እሷም ወንድሟን አየችው። የኔታ አማተቡና ተልባውን ጠጡ።

የደብረ ማርቆስ መንገድ በክረምት እንዴት እንደሚያንገላታ የሚያውቅ ያውቀዋል። አይናዲስ የተሳፈረችበት ባጃጅ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየዘለለ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይዟት ሲሄድ ሹፌሩ የቤንዚን ወግ ይዟል። በሃይላንድ የሚሸጠው ሦስት መቶ ብር ገባ፣ ደጀን ላይ ደግሞ ጭራሽ የለም አሉ፣ እንዲህ ሆኖ በምን ሒሳብ ነው ሰው የምናሳፍረው እህቴ? እሷ አዎ፣ ልክ ነህ ትላለች፤ ልቧ ግን ዘንድሮ ሁዳዴ ላይ ነበር። በሁዳዴ የኔታ እስከ ማታ ውለው አንድ እፍኝ ሽንብራ ሲቀምሱ ጠገብኩ ይሉ ነበር። ሌላው ሰው በረሃብ ሲዝል እሳቸው «ዘንድሮስ ጾሙ ቀለለልኝ» እያሉ ይገረሙ ነበር። ተማሪዎቻቸው በረከት ነው አሉ። አገሬው፣ ንስሐቸው ተቀባይነት አግኝቶ ነው እያለ እጃቸውን ሊሳለም ይመጣ ጀመር። ሌላ አገር ቢሆን ሳይበላ የጠገበ ሰው ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል፤ እዚህ ይሳለሙታል። እሷስ ብትሆን? ለፋሲካ ዲማ ወርዳ አባቷ ከዶሮው ወጥ አንድ ጉርሻ ወስደው እጃቸውን ሲሰበስቡ አይታለች፤ የሱሪያቸው መታጠቂያ ወደ ውስጥ ሲገባም አይታለች። ባዮሎጂ የምታስተምር ሴት፣ ስለ ካንሰር ያጠናች ሴት! «አባቴ እኮ ቅዱስ ሊሆንብኝ ነው» ብላ ለባልደረቦቿ በኩራት አወራች። ለካ ያ የሚያድገው ነገር ነው ጨጓራቸውን ሞልቶ ያጠገባቸው። ባጃጁ ውስጥ ዕንባዋ መጣና ዝናቡ የመታት አስመስላ በሻርፗ ጠረገችው።

የክረምት ተማሪዎቿ ራሳቸው አስተማሪዎች ናቸው፤ ከየወረዳው በዕረፍታቸው እየመጡ ዲግሪያቸውን የሚያሻሽሉ፣ ጥያቄ የማያልቅባቸው አዋቂዎች። ለዛሬ የደረሰው ትምህርት ኢንዛይም ነበር። ማስተርሷን የሠራችበት ስለሆነ ይህን ክፍል ስታስተምር ሌላ ጊዜ ደስታዋ ሌላ ነው፤ ዛሬ ግን ጠመኔው ከእጇ ሁለቴ ወደቀ። «ሰውነታችንን የጭቃ ቤት በሉት» አለቻቸው። «ሴሎቹ ብቻቸውን አይቆሙም። በመካከላቸው ገብቶ እንደ ጭድ አያይዞ የሚያቆማቸው ኮላጅን የሚባል ክር አለ። እነዚህ ኢንዛይሞች ያንን ክር የሚቆርጡ ናቸው። በጤና ጊዜ እንፈልጋቸዋለን፤ ቁስል ሲሽር አሮጌውን አፍርሰው ለአዲሱ ቦታ ያስለቅቃሉ፤ ሥራቸው ሲያልቅ ደግሞ የሚያስቆማቸው አለ። ካንሰር ሲገባ የሚያስቆማቸው ይዳከማል፤ እነሱ ይበዛሉ። ያን ጊዜ ግድግዳው ይሟሟል፤ ካንሰሩም በተከፈተለት በኩል ወደ ደም ሥሩ፣ ወደ ጉበቱ ያልፋል።»

ከሮብ ገበያ የመጣው ምናለ እጁን አወጣ። ምናለ እስኪገባው ድረስ የማይለቅ ሰው ነው። «እነዚህን ኢንዛይሞች የሚያመነጨው እብጠቱ ራሱ ነው መምህርት?»

«ራሱም ያመነጫል። ግን ብዙውን ጊዜ በዙሪያው ያሉትን ጤነኛ ሴሎች አግባብቶ ነው የሚያስመነጫቸው። እነሱ የሚያደርጉትን አያውቁም፤ ቁስል የሚያድኑ ይመስላቸዋል።» ይህን ብላ ወደ ሰሌዳው ዞረች። ዘሪቱ አፏን በነጠላ ጋርዳ እልል ስትል ታየቻት፤ ደምለው ታየ፤ ራሷም ታየች።

«ግድግዳው ከተበሳ በኋላስ?» አለ ምናለ ደግሞ። «ያ ሰውዬ ይሰነብታል?»

«ጨጓራ ላይ ከሆነ እያደገ መውጫውን ይዘጋዋል» አለች አይናዲስ። «የበላው አያልፍም። መጀመሪያ እህሉ ይመለሳል፣ ቀጥሎ ውሃው።» ተናግራ ሳትጨርስ ነገሩ ገባት። የሚያስመልሰው ሰው አይቆርብም። ቅዱሱን ተቀብሎ ቢያስመልስስ? እንዲህ ያለውን ነገር የኔታም አይደፍሩትም፣ የሚያቆርባቸው ቄስም አይገኝም። ካንሰሩ እስከ ኪዳነ ምሕረት የሚጠብቅላቸው ይመስል እሷ ጠዋት ዝም ብላ ቆመች! ደብተሯን ሰበሰበች፤ ለተማሪዎቹ ቤት ውስጥ በሽተኛ አለብኝ ይቅርታ አድርጉልኝ አለቻቸውና ወጣች። ምናለ ከኋላዋ እግዜር ይማርልሽ ሲል ሰማችው።

ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ ቅዳሴው ወጥቶ ሕዝቡ ከጃንጥላ ጃንጥላ እየተጋፋ ይበተናል። መምሬ አማረ ጋቢያቸውን ደርበው ከደጀ ሰላሙ ጥግ ተጠልለዋል። ዲማ ሳሉ የየኔታ ተማሪ ነበሩ፤ መምህራቸውን ማናዘዝ እንደከበዳቸው ለማንም አይደብቁም። «የኔታ ምነው ቀሩብኝ?» አሏት ገና ከሩቅ። «ከበሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ነበር። በኋላ የጠዋቱን እልልታ ከሰው ሰማሁና እኔም ተመስገን አልኩ።» አይናዲስ ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሐኪሙ ያለውን፣ ደምለው የቆረጠውን፣ ተልባውን። መምሬ ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «ሰው ሞቱን እንዳያውቅ የሚደረገው ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉ በቁጣ። «ተዘጋጁ፣ ተዘጋጁ ስንል የምንውለው ታዲያ ለማን ነው? ለድንጋይ?» ከዚያ የልጅቱን ፊት አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ያስመልሳቸዋል ወይ ብለው ጠየቋት። እስከ ዛሬ ጠዋት ጥቂት እየወሰዱ ይረጋላቸው ነበር አለች። «እንግዲያስ ዛሬውኑ እውነቱን ይስሙ። ሳያስመልሳቸው ካደሩ ነገ በቃሬዛም ቢሆን አምጡልኝ፤ እኔ ነኝ የማቆርባቸው። ካስመለሳቸው ግን...» አሉና እጃቸውን ዘርግተው አሳዩዋት። እንሂድና አብረን እንንገራቸው አሏት። አይናዲስ ግን እምቢ አለች፤ መንገዳቸውን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ እኔው ልንገራቸው አለች።

ቤት ስትገባ ዘሪቱ ሽንኩርት ትከትፋለች። ቀና ብላ ሳታያት፣ ኪሎው መቶ ሃያ ገባ እኮ እታለም፣ ምን ተሻለን አለች። ቀጥላ በሹክሹክታ፣ «አስመለሳቸው» አለች። «ቅድም፣ አንቺ ከሄድሽ ብዙም ሳይቆይ። የጠጡት ተልባ እንዳለ ወጣ። በኋላ ውሃ ብቻ ሰጠኋቸው፤ እሱም ተመለሰ። ጨጓራ እንዲህ ያደርጋል አባባ አልኳቸው። ምን ልበላቸው ታዲያ?» ቢላዋዋን አስቀምጣ በክንዷ ዐይኗን ጠረገች፤ ሽንኩርቱ ነው አለች ማንም ሳይጠይቃት። አይናዲስ ግድግዳውን ተደግፋ ጥቂት ቆመች።

የኔታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሳፋ በጉልበታቸው መካከል ይዘዋል። ስትገባ ሳፋውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት፤ ልጃቸው እንዳታይባቸው። ከጎናቸው ተቀመጠች። ከመንገድ ላይ ስታዘጋጀው የመጣችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«አባባ፣ ጨጓራ አይደለም» አለች። «ካንሰር ነው። ከጨጓራዎ ወጥቶ ጉበት ይዟል። ሐኪሙ አይድኑም ብሏል።»

የኔታ አልደነገጡም ማለት ውሸት ነው፤ ሳፋውን ግን ቀስ ብለው ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ ከጓዳ የዘሪቱ ቢላዋ ጣውላውን ይመታል። መቼ ሰማሽ አሏት። ትናንት ማታ አለች። «እንዲያ ከሆነ ዛሬ ጠዋት ታውቂ ነበር።» አዎ አባባ፣ አውቅ ነበር አለች። ለምን አልከለከልሽኝም ይሉኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢሏት ደግሞ መሬቱ ላይ ተደፍታ እግራቸውን ልትይዝ ነበር። እሳቸው ግን አላሏትም። «ጠዋት ሆዴ ዝም ብሎ ነበር» አሉ ብቻ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ይዞት ይውል ነበር።» አይናዲስ ሳጓን መያዝ አቃታት። መምሬ ነገ ብለዋል፣ ዛሬ ማታ ምንም ሳይወስዱ ቢያድሩ ምናልባት አለች። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ውሃ ሞክሬ ተመለሰ። ምራቄ ራሱ እየተመለሰ ነው። በዚህ ሆድ ጌታዬን አልቀበልም፤ እንዲህ ያለውን ስንቱን ሰው ከልክለናል።» እጃቸውን ዘርግተው እንደ ልጅነቷ ጠጉሯን ዳሰሷት። «አታልቅሺ። አንቺ ብቻ አይደለሽም ቀኑን ያሳለፍሽው። እኔም ሰበብ ስፈልግ ነው የኖርኩት። ዛሬ ሰበብ ስታቀብሉኝ እንዴት ፈጥኜ እንደተቀበልኳችሁ አላየሽም?»

ከውጭ የብረት በሩ ተንኳኳ፤ የደምለው ሳቅ ከደጅ ተሰማ። የኔታ ክንዷን ጨበጥ አደረጉ። «ስሚኝ፤ ነገርኳቸው እንዳትይው» አሉ በችኮላ። «ልጄ ባዶውን ነው የቀረው። የያዘው ነገር ቢኖር ይህች ውሸት ናት፤ እሷን ደግሞ አትንጠቂው። መምሬን ግን ነገ ጥሪልኝ፤ ለጸሎት ነው በያቸው።»

ደምለው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ በፌስታል ብርቱካን ይዞ ገባ። ክፍሏ በእሱ ሞላች። ለአባቱ ሲል ከሱቁ እዚህ ድረስ ፊቱን እያስተካከለ የመጣ መሆኑ ያስታውቅበታል። «አባባ! እንዴት ዋሉ?»

«ደህና ነኝ ልጄ» አሉ የኔታ። «ጋብ ብሎልኛል።»

«አላልኩዎትም? አላልኳችሁም?» አለ ደምለው ወደ ሴቶቹ ዞሮ። ዘሪቱ ከበሩ ላይ ቆማ ወለሉን ታያለች። «ይኸውልዎ አባባ፣ ሹፌር አነጋግሬያለሁ፤ መንገዱም ክፍት ነው ብለውኛል። ለኪዳነ ምሕረት ዲማ ነን! ተማሪዎችዎ ቀድሰው፣ እርስዎ በእግርዎ ቆመው ሲቆርቡ አያለሁ። እኔም ከኋላዎ እቆማለሁ። ምን ይላሉ?»

የኔታ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። «አሜን» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ድምፅ ሲገሩ የኖሩ ናቸውና ድምፃቸው አልተሰበረም።

«አንቺም አሜን በይ እንጂ!» አለ ደምለው እህቱን በትከሻው ገፋ እያደረገ።

አይናዲስ አሜን አለች።